ስለ ትከሻዬና ስለ እግርዎ

ገነተ ማርያም
ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ እትዬ የሺሃረግ፣

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እርስዎ ግን ደህና እንዳልሆኑ በገዛ እጅዎ ጽፈው ልከውልኛልና «እንዴት ሰነበቱ» ብዬ አላስመስልም። ደብዳቤዎን ቅዳሜ ዕለት ላሊበላ ገበያ ላይ ከኮን የመጣው የጭነት መኪና ረዳት ሰጠኝ። ፊደሎችዎ አሁንም የባቄላ ፍሬ ያህላሉ። መሠረተ ትምህርት ሲማሩ ከፊት ተቀምጠው «አሳንሼ ብጽፈው ለማን ሊታይ ነው?» እያሉ አስተማሪውን ሲከራከሩት ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ። ሳቄ ግን እስከ ሁለተኛው መስመር ብቻ ነበር።

«እግሬ ቀጥኗል፤ አልታዘዝም ብሎኛል። ከእንግዲህ ገነተ ማርያምን የማያት በሰው ትከሻ ላይ ሆኜ ነው። ወፍጮዬን ለፈለገው ስጥልኝ» ይላል። ከዚያ በታች ስምዎ ብቻ።

እትዬ፣ በግ ሻጭና በግ ገዢ በሚጋፋበት መሀል ቆሜ አለቀስኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ታላቅን መቆጣት ነውር ስለሆነ እስኪበርድልኝ ሁለት ቀን ቆይቼ ነው ይህን የምጽፈው። ወፍጮዎን ለማንም አልሰጥም፤ ምክንያቱን ኋላ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ግን መልስ ሳልሰጥዎት የቀረሁት አንድ ጥያቄ አለ። ባለፈው ዓመት ዳገቱ ላይ፣ ቃሬዛው ላይ ተኝተው የጠየቁኝን ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ትንፋሽ ያጠረኝ መስዬ ዝም አልኩ። ትንፋሽ አላጠረኝም ነበር።

እንዴት ሆኜ እንደመጣሁ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። በ1970 ኦጋዴን ላይ የመድፍ ፍንጣሪ ቀኝ ትከሻዬን መታኝ። ከሆስፒታል ስወጣ የካምፕ ዘበኛ አድርገው አቆዩኝና በ1972 ክረምት ተሰናብቼ ቤቴ ገባሁ። እናቴ አፈር ከለበሰች ዓመት አልፏት ነበር። ክንዴ ከጆሮዬ በላይ አይነሳም፤ ውሃ የሞላ ባልዲ እንኳ ያቅተኛል። ሰው ሁሉ «እንኳን ነፍስህ ተረፈች» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያለ ክንድ የተረፈች ነፍስ ምን እንደምትሠራ አላውቅም ነበር።

በዚያው መስከረም አንድ ጎረቤት ጠንቶባቸው ላሊበላ ጤና ጣቢያ ሊወሰዱ ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ተጠራ። አያ ባዘዘው የቅሬው ዳኛ አይደሉ፣ ወንዱን ሁሉ ቁመቱን እያዩ አጣምረው ለቃሬዛው ደለደሉት። ተሸካሚው ጋቢውን አውልቆ ለማይሸከመው ይሰጣል፤ ያው ወጉ ነው። አያ ባዘዘው እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉ። ዓይኔን ሳያዩ ስድስት ጋቢ በግራ ክንዴ ላይ ቆለሉና «አንተ ጋቢ ያዝ» አሉኝ። የዚያን ቀን ጋቢ ያዦች እኔና ሁለት ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች ነበርን። ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ክፋት ቢሆን ኖሮ ተጣልቻቸው ይወጣልኝ ነበር።

በማግስቱ እርስዎ ደጄ ድረስ መጡ። ስለ ጋቢው አንድም ቃል አላነሱም።

«ሐኪሞቹ ለዚህ ክንድህ ምንም አልሰጡህ?» አሉኝ።

«ወረቀት ሰጥተውኛል» ብዬ ከሳጥን አውጥቼ አሳየሁዎት። እጁን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ፊት የዘረጋ ሰው ተስሎበታል፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሃያ ሃያ ጊዜ ይላል። አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እጁን የሰቀለው? ተማርኮ ነው?»

ከኦጋዴን ከተመለስኩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

«ሠርተኸዋል?»

«አንድ ሳምንት ሠርቼ ተውኩት። ይሰለቻል እትዬ። ያው በያው ነው።»

«ታዲያ ያው በያውን ማን ይችለዋል! እኔን አንድ ዓይነት ወጥ ሦስት ቀን ቢያበሉኝ እሞታለሁ። አብሽር፣ ነገ በጧት ወደኔ ብቅ በል። አጥሬ ወድቆብኛል።»

በማግስቱ መጣሁ። አጥሩ ወድቋል፤ ግን እንጨቶቹ ከተነቀሉ ገና ማደራቸው እንደሆነ እርጥቡ አፈር ይናገር ነበር። እንዳላየ ሆንኩ። እርስዎም እንዳላየ መሆኔን አዩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን የሠራሁትን በማግስቱ አሠርተውኝ አያውቁም። ዛሬ ለእርከኑ ድንጋይ ማቀበል ከሆነ ነገ ወተት መናጥ ነው። ቅሉን ከማገሩ አንጠልጥለው፣ እርስዎ በግራ እጅዎ እኔ በቀኝ እጄ እየተቀባበልን እንገፋው ነበር፤ «የአሮጊት ግራ ከወታደር ቀኝ በለጠ!» እያሉ ያበሽቁኛል። ገብስ በሙቀጫ የወቀጥኩበት ቀን ደግሞ አለ። ዘነዘናውን ባነሳሁ ቁጥር ትከሻዬ ያስጮኸኛል፣ እርስዎ ከጩኸቴ በላይ ይዘፍናሉ። ሃያ ይሁን ሠላሳ ቆጥሬው አላውቅም፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። ድንጋዮቹም መጀመሪያ ጡጫ የሚያህሉ ነበሩ። መቼ የበግ ራስ እንዳከሉ ሳላውቀው እርከኑ ደረቴ ደረሰ።

ክንዴን ብቻ ሳስታምም ካዩኝ «እግርህ ካልጠና ክንድህ ምን ላይ ሊቆም ነው?» ብለው ወንዝ ይሰዱኛል። ሥራው ጥሞኝ «ትንሽ ልጨምር» ስል ደግሞ ዘነዘናውን ከእጄ ይቀሙኛል።

«ይብቃ! ደስ እያለህ ተወው፣ ነገ እንድትመጣ።»

በኋላ ሳስበው የሐኪሙ ወረቀት ያልነገረኝ ነገር ይኼ ነበር። ወረቀቱ እስኪያመኝ ሥራ ይላል፤ እርስዎ እየናፈቀኝ እንድሄድ ያደርጉኝ ነበር። ጧት ስነሳ «ዛሬ ደግሞ ምን አስበውልኝ ይሆን?» እያልኩ ነው ፊቴን የምታጠበው።

የወፍጮውን ቀንስ ያስታውሳሉ? «መግፋትና መሳብ ለትከሻ ከዚህ የተሻለ የለም» ብለው ከወፍጮው ፊት ሲያንበረክኩኝ «በሩን ይዝጉ እንጂ እትዬ!» አልኩ። ወንድ ልጅ ሲፈጭ ከታየ በላስታ ምድር ማን ሴት ይሰጠዋል? በሩን ዘጉ። መዝጊያው ግን እንደ ባለቤቱ ግትር ነውና ነፋስ መልሶ ከፈተው። አያ ባዘዘው ደጅ ላይ ቆመዋል። እኔ ፀጉሬ ዱቄት ለብሶ፣ ሁለት እጄ መጁ ላይ።

«ምን ጉድ ነው! የኦጋዴን ዘማች ሊያቦካ ነው?»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አሉ እርስዎ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ። «አንተም ወገቤን ወገቤን እያልክ ሚስትህን ከምታስለቅስ ግባና ተንበርከክ።»

አያ ባዘዘው እያጉረመረሙ ሄዱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን በጓሮ በኩል ዞረው መጡና «እስቲ ያን ቅል... ለአንድ አፍታ» አሉ። ወገባቸውን ይዘው ሲንጡ፣ እኔና እርስዎ እንዳንተያይ ተጠነቀቅን፤ ብንተያይ ኖሮ እንፈነዳ ነበር። ቁልቁል ሲሄዱ አንድም ጊዜ ወገቤን አላሉም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የአያ ባዘዘው ቤት በደቦ ሲከደን እኔ የሣር ነዶ ወደ ጣሪያ አቀባይ ነበርኩ። በግራዬ ነበር የማቀብለው። አንዱን ነዶ ሳላስበው በቀኜ ወረወርኩት። ነዶው ከጣሪያው ጉልላት ደረሰ፤ አያ ባዘዘው ከላይ ሆነው «ኧረ ቀስ፣ ልታወርደኝ ነው!» ብለው ጮኹ። ክንዴን ቀና ብዬ አየሁት። ከጆሮዬ በላይ ነው፤ አላመመኝም። ደግሜ ወረወርኩ። አላመመኝም።

ሮጬ መጥቼ ልነግርዎት ይገባ ነበር። መንገድ ጀምሬም ነበር። ደጅዎ ስደርስ ቅሉን ከማገሩ ላይ ሲያንጠለጥሉ አየሁዎት፤ በሁለት ጎን ሁለት በርጩማ አስቀምጠዋል። «እንዴት ዋለ ያ ክንድ?» አሉኝ።

«ይቀረዋል እትዬ» አልኩ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ድኛለሁ ካልኩ በማግስቱ አጥሩ አይወድቅም፣ ሙቀጫው አይጠራኝም ብዬ ፈራሁ። ቤቴ ባዶ ነበር። እናቴ የተወችው መደብና አንድ ድስት ብቻ ነው ያለው። እርስዎ ዘንድ ግን ዘፈን አለ፣ ስድብ አለ፣ «ብላ እንጂ፣ ድንጋይ በባዶ ሆድ ይነሳል?» የሚል ሰው አለ። አያ ባዘዘው ከቃሬዛ ተሸካሚዎች ሊደለድሉኝ ሲሉ «ከፋሲካ በኋላ ይሁንልኝ፣ ገና አልጠናም» አልኳቸው። በጾሙ አንዲት እናት አርፈው ሲቀበሩ፣ እትዬ፣ በጤነኛ ክንዴ ጋቢ ያዝኩ። ያ ሁሉ ዓመት ያቃጠለኝን ውርደት ወድጄ ተሸከምኩት። ከእርስዎ ደጅ ከመቅረት እሱ ቀለለኝ።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በዚያ ማክሰኞ ጧት «እትዬ የሺሃረግ ወደቁ!» ሲባል ሮጬ ደረስኩ። ከላይ ጎረቤታችን ከአዛለች ቤት በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ተኝተዋል። ቅልጥምዎ ተሰብሯል፤ ቅሉም ከአጠገብዎ ተሰብሮ ወተቱ ድንጋዩን አልብሶታል። አዛለች ራሷን ይዛ ታለቅሳለች።

«ምን ሊያደርጉ ወተት ተሸክመው ወጡ? የራሳቸው ላም እያለቻቸው?» አልኳት።

«የቷ ላም?» አለች። «ላሚቱ ከነጠፈች ስድስት ወሯ ነው። በየሳምንቱ የኔን ወተት እየወሰደች፣ ቅቤውን ትመልስልኛለች። 'ለጋሻዬ ክንድ ነው፣ እንዳትነግሪው' ብላኝ ነው።»

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ወር ሙሉ ያንን ቁልቁለት ቅል ተሸክመው ይወጡና ይወርዱ የነበረው ለእኔ ክንድ ነው። ክንዴ ደግሞ ከዳነ ሦስት ወር አልፎታል። «ድኛለሁ» የምትል አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ያን ጧት ቤትዎ ተቀምጠው ገብስ ይለቅሙ ነበር።

ቃሬዛው ሲመጣ አያ ባዘዘው እኔን አልፈው ሊሄዱ ሲሉ ጋቢዬን አወለቅሁ። ጋቢውን የምሰጠው ሰው ፈለግሁ፤ ወንዱ በሙሉ ወይ ተሸካሚ ነው ወይ ገበያ ሄዷል። እርስዎ ከቃሬዛው ላይ እጅዎን ዘረጉ።

«ወዲህ በል፣ እኔ እይዘዋለሁ። ዛሬ ሥራ ፈት ነኝ።»

እግርዎ እንደዚያ ተሰብሮ ሰው ያሳቁት ነገር!

ከኋላ ገባሁ፤ ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ነውና። እንጨቱን በቀኝ ትከሻዬ ላይ፣ በጠባሳው ላይ አደረግሁት። ፊት ለፊት እንተያያለን። ሦስት ጊዜ ሊቀይሩኝ መጡ፤ ሦስቱንም ጊዜ አልተቀየርኩም። ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ያ ሁሉ ዘነዘና፣ ያ ሁሉ የወንዝ መንገድ ለዚያች ዳገት የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ጉልበቴ አልከዳኝም። ላሊበላ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ጋቢዬን ደረትዎ ላይ አቅፈው፣ ዓይንዎን ከትከሻዬ ሳይነቅሉ፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ጋሻዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መልሱ ይኸው፦ ከጥር ጀምሮ ነው፣ እትዬ። ከጥር ጀምሮ ድኜ ነበር። ለእግርዎ ምክንያቱ የእኔ ዝምታ ነው። ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሲወስዱዎት፣ ኋላም አሰለች ልጅዎ ጄሶው እንዳለ ወደ ኮን ስትወስድዎት፣ መኪናው አጠገብ ቆሜ ልነግርዎት አፌን ከፍቼ ነበር። ረዳቱ «ሂድ በለው!» ብሎ መኪናውን መታው። ይቅር ይበሉኝ። እወድዎታለሁም። ለእናቴ ሳልላት ያመለጠችኝ ቃል ናትና ለእርስዎ እንኳ አታምልጠኝ ብዬ ነው በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ የምጽፈው።

አሁን ደግሞ ተራው የእግርዎ ነው። ጄሶው ከወጣ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ሐኪሙ «ያንቀሳቅሱት» ብሎ እንደነበር አሰለች ጽፋልኛለች። አንድ ሳምንት ግድግዳ ይዘው ቆመው «ሰለቸኝ» ብለው እንደተኙም ጽፋልኛለች። ይኼ ነገር የት ነበር የማውቀው! እኔ እንደ እርስዎ ተንኮል ስለማላውቅበት አጥር አልነቅልም፤ በግልጽ እነግርዎታለሁ።

የአሰለች ቤት ግድግዳ ክረምቱ ልጦታል አሉ። ጭቃና ጭድ እንድታዘጋጅ ነግሬያታለሁ። የእሷን ትከሻ ይዘው ጭቃውን ይርገጡላት፤ ለእግር እንደ ጭቃ መርገጥ ያለ የለም፣ ቢወድቁም ለስላሳ ነው። በማግስቱ ጭቃ የሚባል ነገር አይዩ። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የአሸዋ ከረጢት በእግርዎ ጫፍ ያንሱ፤ መጀመሪያ የእፍኝ ያህል ብቻ፣ እየዘፈኑ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መቋሚያ ተደግፈው በሽብሸባው ይወዝወዙ፤ እግዚአብሔርም አይቀየምም፣ እግርዎም ይጠቀማል። የገበያ ቀን ግማሽ መንገድ ድረስ ሄደው ይመለሱ፤ የቀረውን ግማሽ ለሌላ ሳምንት ያስናፍቁት። አርብ ይረፉ። ሲጥምዎት ይተዉት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለሌላ ለማን ነው?

ሰለቸኝ ካሉ ደግሞ ይጻፉልኝ፤ ሌላ አስብልዎታለሁ። ለእኔ ስንት ዓይነት እንዳሰቡልኝ አልረሳሁትም። እኔ ጭንቅላቴ እንደ እርስዎ ባይሆንም ጭንቀቱ አለኝ።

ስለ ወፍጮው። አልሰጥም ያልኩት እየፈጨሁበት ስለሆነ ነው። በየሳምንቱ ሁለት ቀን ቤትዎን ከፍቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ተንበርክኬ እፈጫለሁ። በሩን አልዘጋም። መንገደኛ ቆሞ ይስቃል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ። ዱቄቱን አዛለች ትወስዳለች፣ በወተቷ ፋንታ። ባለፈው ሳምንት አያ ባዘዘው ደጅ ላይ ቆመው ብዙ አዩኝና «የሺሃረግ ብትሰማ ምን ትል ይሆን?» አሉ። «ቀጥ ብለህ ተንበርከክ ነው የሚሉኝ» አልኳቸው። ሄዱ፤ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ግን አይቻቸዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ያን ቀን የሰጠሁዎት ጋቢ እስካሁን እርስዎ ዘንድ ነው። አሰለች በመኪናው ረዳት እጅ ልትልክልኝ አስባለች። እንዳትልከው። ጋቢ ያዥ የያዘውን ጋቢ ለባለቤቱ በእጁ ያስረክባል እንጂ በሰው አይልክም፤ ወጉን ያስተማሩኝ እርስዎው ነዎት። እኔ ስድስት ጋቢ ይዤ፣ ክንዴ እየጠዘጠዘኝ፣ አንድም ቀን ከመንገድ ቀርቼ አላውቅም። ላሊበላ ድረስ በመኪና ይምጡ፤ በቅሎ ይዤ እቀበልዎታለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ደጅዎ ያለችዋን መንገድ ግን በእግርዎ ነው፣ ጋቢዬን በክንድዎ ይዘው።

የኅዳርን ብርድ ያውቁታል፤ ታኅሣሥ ደግሞ ይብሳል። ሌላ ጋቢ የለኝም፣ ልገዛም አላሰብኩም።

በርዶኛል፣ እትዬ። እጠብቅዎታለሁ።

ጋሻዬ